ሃይማኖትና ራስን ችሎ ማሰብ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ጥያቄ አጭር ነው፤ መልሱ ግን አጭር አይደለም። ጥያቄውም «ሃይማኖት ያለው ሰው ራሱን ችሎ ማሰብ ይችላልን?» የሚል ነው። ይህ ለክርክር ማኅበር መጫወቻ ብቻ የተፈጠረ ጥያቄ አይደለም። ከጥቂት ወራት በኋላ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ከዚህ ግቢ ወጥተን ወደ ዩኒቨርሲቲና ወደ ሥራ እንበተናለን። ወላጆቻችን ሲሸኙን ሁለት ነገር ይመኙልናል፤ አንደኛው እንድንማር፥ ሁለተኛው ሃይማኖታችንን እንዳንተው ነው። በብዙዎቹም ልብ ውስጥ የመጀመሪያው ምኞት ሲፈጸም ሁለተኛው እንዳይጠፋ የሚል ሥጋት አለ። በሌላ ወገን ደግሞ ከእኛ ከተማሪዎቹ መካከል «የሚያምን ሰው ገና ማሰብ አልጀመረም» የሚሉ ይገኛሉ። እነዚህ ሁለት ወገኖች ተቃራኒ ይምሰሉ እንጂ በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ይኸውም እምነትና አሳብ በአንድ ቤት አይኖሩም በማለታቸው ነው። እኔ ዛሬ የምመረምረው ይህን የተስማሙበትን ነገር ነው።

አስቀድሜ ስለ ቃላቱ ጥቂት ልበል። ራስን ችሎ ማሰብ ማለት ከሰው ሁሉ ተለይቶ ማሰብ ማለት አይደለም። ሰው ሁሉ ሁለትና ሁለት አራት ነው ቢል፥ አምስት ነው ብሎ የሚነሣ ሰው ግትር ይባላል እንጂ አሳቢ አይባልም። ራሱን ችሎ የሚያስብ ሰው ነገሩን በራሱ አእምሮ የሚመረምር፥ ማስረጃውን የሚመዝን፥ እውነት ሆኖ ያገኘውን ሌላው ቢስቅበትም ቢቆጣውም የማይለቅ፥ ሐሰት ሆኖ ያገኘውን ደግሞ የራሱ የቆየ አሳብ ቢሆንም እንኳ የሚለቅ ነው። ከዚህም ሁለተኛው ከፊተኛው ይከብዳል። ሃይማኖት ስል ደግሞ በእግዚአብሔር ማመንንና በእርሱ ተማምኖ መኖርን ማለቴ ነው፤ የአንድን ማኅበር ስም መያዝ ብቻ ማለቴ አይደለም።

አሁን «አይቻልም» የሚሉትን ሰዎች ቃል በሚገባ እንስማ። የተቃዋሚን አሳብ አሳንሶ አቅርቦ ማሸነፍ ሐቀኛ ክርክር አይደለምና።

አንደኛ፥ «አማኙ ድምዳሜውን አስቀድሞ ይዞ ይጀምራል፤ አሳቢው ግን ድምዳሜውን በመጨረሻ ያገኛል» ይላሉ። ሁለተኛ፥ «ሃይማኖት ባለ ሥልጣን አለው፤ ባለ ሥልጣን ባለበት ደግሞ ጥያቄ ያስቀጣል» ይላሉ። እኛም በአገራችን «ንጉሥ አይከሰስ፥ ሰማይ አይታረስ» እንላለን። ሦስተኛ፥ ታሪክን ምስክር ይጠራሉ፤ ምስክራቸውም ቀላል አይደለም። (በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት፥ ሌላ ካልተባለ በቀር፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጣሊያናዊው ጋሊሌዎ በ1610 በመነጽሩ ያየውን ባሳተመ ጊዜ በእውነት የማይታረሰውን ሰማይ አረሰው። በጁፒተር ዙሪያ የሚዞሩ አራት ጨረቃዎችን አገኘ፤ ስለዚህ በሰማይ ያለ ነገር ሁሉ በምድር ዙሪያ የሚዞር እንዳልሆነ ታየ። ምድር በፀሐይ ዙሪያ ትዞራለች የሚለውን አሳብ ደግፎ በመጻፉ በ1633 በሮም በሃይማኖት ፍርድ ቤት ፊት ቀረበ። በዚያን ጊዜ 69 ዓመቱ ነበር። አሳቡን በቃሉ እንዲክድ ተደረገ፤ ከዚያም በ1642 እስኪሞት ድረስ በቤቱ ታስሮ ኖረ። የሮማ ቤተ ክርስቲያን መሪ ዮሐንስ ጳውሎስ ሁለተኛ በጋሊሌዎ ላይ ፈራጆቹ መሳሳታቸውን በይፋ የተናገሩት በ1992 ነው፤ ከፍርዱ 359 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

የሩቁን ብቻ ጠቅሼ የቅርቡን ብተው አድልዎ ይሆንብኛል። በአገራችን በ15ኛው መቶ ዓመት አባ እስጢፋኖስ የሚባሉ መነኵሴ በትግራይ ተነሥተው፥ ስግደት ለሥላሴ ብቻ ይገባል ብለው አስተማሩ፤ ለንጉሥም አንሰግድም አሉ። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት (1434–1468) ተከታዮቻቸው ደቂቀ እስጢፋኖስ ተገረፉ፥ ታሰሩ፥ ተሰደዱ፥ ተገደሉም። ይህ በእኛው አገር፥ በሃይማኖት ስም፥ በሃይማኖተኞች ላይ የተደረገ ነገር ነው።

እንግዲህ ክሱ ከባድ ነው። ነገር ግን ምስክሮቹን መልሰን ብንጠይቃቸው ሌላ ነገር ይነግሩናል። ጋሊሌዎን የፈረዱበት ሰዎች አማኞች ነበሩ፤ ይህ እውነት ነው። ጋሊሌዎስ ማን ነበር? እርሱም እስከ ዕለተ ሞቱ አማኝ ነበር። መጽሐፍ ቅዱስ ሰውን ወደ መዳን ሊመራ እንጂ የከዋክብትን አካሄድ ሊያስተምር አልተሰጠም ብሎ በደብዳቤው ተከራክሯል። ስለ ምድር መዞር በ1543 መጽሐፍ ያሳተመው ኮፐርኒክስም የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበር። ወደ አገራችንም ብንመለስ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የተማሩና በስማቸው ብዙ የሃይማኖት ድርሰት የሚጠራ ንጉሥ ነበሩ፤ አባ እስጢፋኖስም መነኵሴ ነበሩ። በንጉሥ ፊት ቆመው «ይህን አላደርግም» ለማለት ድፍረት የሰጣቸው እምነታቸው ነው እንጂ እምነት ማጣታቸው አይደለም።

ስለዚህ ጠቡ የነበረው በእምነትና በአሳብ መካከል ነው ለማለት አይቻልም። በሥልጣንና በኅሊና መካከል ነበር ብንል ይሻላል። ሥልጣን ጥያቄን ለማፈን ሃይማኖትን መሣሪያ ያደርጋል፤ ኅሊናም ሥልጣንን ለመቋቋም ሃይማኖትን ምርኩዝ ያደርጋል።

ሥልጣን ጥያቄን ለማፈን የግድ ሃይማኖት እንደማያስፈልገው ደግሞ አንድ ሌላ ታሪክ ያስረዳናል። ግሬጎር ሜንዴል በብርኖ ከተማ ገዳም የሚኖር መነኵሴ ነበር። ከ1856 እስከ 1863 ድረስ በገዳሙ የአትክልት ቦታ አተር እየዘራ፥ እያዳቀለና እየቈጠረ ቆየ። ክብ ፍሬና የተጨማደደ ፍሬ ያላቸውን አተሮች አዳቅሎ በሁለተኛው ትውልድ 5474 ክብና 1850 የተጨማደደ ፍሬ አገኘ፤ ይህም ሦስት ለአንድ ሊሆን ጥቂት የቀረው ነው። ከዚህ ቈጠራ ዛሬ በሥነ ሕይወት ክፍል የምንማረው የዘር ውርስ ሕግ ወጣ። ሥራው በ1866 ቢታተምም ዓለም የተረዳለት እርሱ ከሞተ ከ16 ዓመት በኋላ በ1900 ነው። መነኵሴው የአተሩን ቍጥር ከጸሎት መጽሐፉ አላወጣውም፤ ከመደቡ ላይ ለቅሞ ቈጠረው እንጂ።

ይህ የሜንዴል ትምህርት በኋላ በየት አገር የተከለከለ ይመስላችኋል? ሃይማኖትን ከትምህርት ቤት ባስወጣችው በሶቭየት ኅብረት ነው። ሊሴንኮ የሚባለው ሰው የመንግሥቱን ፖለቲካ ደግፎ በማግኘቱ በ1948 የዘር ውርስ ሳይንስ ሐሰት ተብሎ ተወገዘ፤ መምህራኑም ከሥራቸው ተባረሩ። ከዚያ አስቀድሞ ታላቁ የእጽዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1940 ተይዞ በ1943 በሳራቶቭ እስር ቤት ሞተ። ይህ ሰው ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በ1927 ወደ አገራችን መጥቶ የስንዴያችንንና የገብሳችንን ዘር ሰብስቧል፤ ኢትዮጵያንም ከዓለም የእህል ምንጮች አንዷ ናት ብሎ ጽፏል። እንዲህ ያለውን ሰው ለሞት ያበቃው የሃይማኖት ፍርድ ቤት አልነበረም። የዚህ ታሪክ ትምህርት «ከሓድያን ክፉ ናቸው» የሚል አይደለም፤ ብዙ ደጋግ ሰዎች ያለ ሃይማኖት ኖረዋልና። ትምህርቱ፥ ሃይማኖት ከቤት ቢወጣም ጥያቄን የሚፈራ ሥልጣን በቤቱ ሊቀር ይችላል የሚል ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ክርክር ልመለስ፤ አማኝ ድምዳሜውን አስቀድሞ ይይዛል ወደሚለው። በእውነቱ ከባዶ የሚጀምር ሰው የለም። ቋንቋችንን ከእናታችን፥ ማባዣ ሠንጠረዥን ከመምህራችን ተቀበልን። የውሃ ሞለኪዩል ከሁለት ሃይድሮጅንና ከአንድ ኦክሲጅን የተሠራ መሆኑን ከእኛ መካከል በዐይኑ ያየ የለም፤ አምነን ተቀበልን። ልዩነቱ ያለው መቀበሉ ላይ አይደለም፤ የተቀበሉትን ለመመርመር በሩ ክፍት መሆኑ ላይ ነው። እዚህ ላይ አማኙ ሐቀኛ መሆን አለበት። የኬሚስትሪው መምህር «ካላመንክ ወደ ላቦራቶሪ ና» ሊለን ይችላል፤ የእግዚአብሔርን መኖር ግን በመስታወት ዕቃ ውስጥ አፍልቶ ማሳየት አይቻልም። ይቻላል የሚል አማኝ ራሱንም ሰውንም ያታልላል። እምነት ሌላ ዓይነት ነገር ነው፤ ሰው በኑሮው፥ በመከራው፥ በጸሎቱና በኅሊናው የሚመዝነው ነገር ነው። ሁለቱን ሚዛኖች የሚለይ ሰው ሁለቱንም ሊጠቀምባቸው ይችላል።

ይህን ለይቶ ያሳየን ቤልጂማዊው ቄስ ዦርዥ ለሜትር ነው። በ1923 የቅስና ማዕርግ ተቀበለ፤ በ1927 ደግሞ ጠፈር እየሰፋ እንደሚሄድ በሒሳብ አስረድቶ ጻፈ። በዚያን ጊዜ አይንስታይን እንኳ አልተቀበለውም። ለሜትር ግን ሒሳቡን አምኖ ጸና፤ በ1931 ዓለም ከአንድ እጅግ ከታመቀ መነሻ እንደ ጀመረ የሚያስረዳ አሳብ አቀረበ። በ1951 የሮማው ጳጳስ ፒዮስ 12ኛ ይህን ዓይነቱን ሳይንስ ለፍጥረት ትምህርት እንደ ማረጋገጫ አድርገው ተናገሩ። አንድ ቄስ በዚህ ደስ ሊለው ይገባ ነበር ትሉ ይሆናል። ለሜትር ግን ደስ አላለውም፤ የሳይንሱ አሳብ ከሃይማኖት ጥያቄ ውጭ ሆኖ በራሱ ማስረጃ ብቻ ሊቆምና ሊወድቅ ይገባዋል የሚል ነበረ። እንግዲህ ተመልከቱ፤ አይንስታይን ሲነቅፈው አልተናወጠም፤ የገዛ ቤተ ክርስቲያኑ መሪ ሲያመሰግነው ደግሞ አልታለለም። ነቀፋን ችሎ አሳብን መጠበቅ ብዙዎች ያደርጉታል፤ ምስጋናን ችሎ አሳብን መጠበቅ ግን የጥቂቶች ነው።

ምናልባት ከወላጆቻችን መካከል «ይህ የፈረንጅ ነገር ነው፤ በእኛ ዘንድ ሃይማኖት መቀበል እንጂ መመርመር የለበትም» የሚል ይኖር ይሆናል። የአገራችን ሊቃውንት ግን እንዲህ አላደረጉም። የቅኔ ቤት ተማሪ የመምህሩን ቅኔ ሸምድዶ ቢያቀርብ ተማረ አይባልም። ከጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ መወድስ ድረስ በየጊዜው አዲስ ቅኔ ከራሱ አእምሮ አውጥቶ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል። የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ማቅረብ ነውር ነው። ሰምና ወርቅም ላይ ላዩን ከሚታየው ትርጕም በታች ሌላ እንዳለ የሚያስተምር ትምህርት ነው። በመጻሕፍት ትርጓሜ ደግሞ ሊቁ አንዱን ንባብ ይዞ አንድ ትርጕም ይሰጣል፤ ቀጥሎም «አንድም» ብሎ ሌላ ያመጣል፤ እንደገናም «አንድም» ይላል። ይህች «አንድም» የምትባል ቃል በሃይማኖት ትምህርት ቤት ውስጥ የተወለደች ቃል ናት። በእርግጥ ትርጓሜው የራሱ ወሰን አለው፤ መሠረተ ሃይማኖትን የሚያፈርስ ትርጕም አይቀበልም። ቢሆንም አንድን ቃል በአንድ ዐይን ብቻ አይቶ ማለፍ የሊቅ ሥራ እንዳልሆነ ያስተምረናል።

በእስልምናም በኩል ምሳሌ አለ። ሊቁ በራሱ ጥረት መርምሮ ፍርድ የሚያገኝበት መንገድ ኢጅቲሃድ ይባላል፤ የሌላውን ሊቅ ፍርድ መከተል ደግሞ ተቅሊድ ይባላል። ብዙ የአገራችን ሙስሊሞች ትምህርታቸውን የሚከተሉላቸው ኢማም ሻፊዒ (767–820) በመዲና ከኢማም ማሊክ ተምረዋል። መምህራቸውን እያከበሩ በብዙ ነገር ግን ከመምህራቸው ተለዩ። ወደ ግብፅ ከሄዱም በኋላ ቀድሞ ራሳቸው የሰጡትን ፍርድ በብዙ ነጥብ ለወጡ። መምህርን ማክበርና የመምህርን ቃል መመርመር አብረው እንደሚሄዱ ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ቅዱስ መጽሐፍም ቢሆን ጠያቂውን አያባርርም። ቶማስ ካላየሁ አላምንም ባለ ጊዜ ከማኅበሩ አልተባረረም፤ እጁን እንዲዘረጋ ተጠራ እንጂ። የቤርያ ሰዎች የተመሰገኑት ሐዋርያው ጳውሎስ የነገራቸው እንዲህ እንደ ሆነ ለማወቅ በየቀኑ መጻሕፍትን በመመርመራቸው ነው። ኢዮብ በመከራው ጊዜ እግዚአብሔርን በብርቱ ቃል ጠየቀ፤ ሦስቱ ወዳጆቹ ግን የተዘጋጀ መልስ ይዘው ስለ እግዚአብሔር ጠበቃ ሆኑ። በመጨረሻው እግዚአብሔር የተቆጣው በማን ላይ ነበር? በጠያቂው ላይ አልነበረም፤ በጠበቆቹ ላይ ነበር።

ራስን ችሎ ማሰብ ግን በመጽሐፍና በላቦራቶሪ ብቻ አይፈተንም። ከሁሉ የሚከብደው ፈተና «የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ» በሚባልበት ቀን ይመጣል። በ1928 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር የፋሺስት ጦር አዲስ አበባን ይዞ ሳለ፥ አቡነ ጴጥሮስ አርበኞችን እንዲያወግዙና ለወራሪው እንዲገዙ ተጠየቁ። በዚያን ጊዜ ብዙ ትልልቅ ሰዎች ገብተው ነበር፤ ለመግባትም ብዙ ብልህ ምክንያት ነበረ። እርሳቸው ግን እንቢ አሉ፤ ሐምሌ 22 ቀንም በጥይት ተደብድበው ሞቱ። ጠመንጃ በያዘው ሁሉ ፊት ብቻውን ቆሞ የራሱን ፍርድ የጠበቀ ሰው ራሱን ችሎ ያሰበ ካልተባለ ማን ሊባል ነው? ሐውልታቸውን በአዲስ አበባ የምናይ ተማሪዎች ሁሉ ይህን ጥያቄ ለራሳችን እናቅርብ።

ይህን ሁሉ ካልሁ በኋላ «ስለዚህ የሚያምን ሁሉ ያስባል» ብዬ ብጨርስ አላሰብሁም ማለት ነው። እምነት አሳብን የሚገድልበት ጊዜ አለ፤ ምልክቶቹንም ማወቅ ይገባናል። ሰው ስለ ምን እንደሚያምን ሲጠየቅ ከመመለስ ይልቅ የሚቆጣ ከሆነ፤ የሌላውን ሃይማኖት መጽሐፍ ሳያነብ የሚንቅ ከሆነ፤ ሰነፍነቱን «የእግዚአብሔር ፈቃድ» በሚል ቃል የሚሸፍን ከሆነ፤ እምነቱ ለአሳቡ መጋረጃ ሆኖበታል። በክሕደትም በኩል ምልክቱ ይኸው ነው። ከአንድ መጽሐፍ ጥቂት ገጽ አንብቦ፥ ወይም ጓደኞቹ ስለሳቁበት ብቻ፥ ሃይማኖቱን እንደ አሮጌ ኮት አውልቆ የሚጥል ተማሪ ራሱን ቻለ አይባልም፤ ጌታ ለወጠ እንጂ።

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ አሁን ይመጣል። «መርምሬ እምነቴ ባይጸናስ?» የሚል ነው። ይህን ጥያቄ ዘልዬ ባልፍ ወላጆቼ ፊት ለመናገር ይቀለኝ ነበር፤ ሐቀኛ ግን አልሆንም። «መርምር፤ ነገር ግን ከዚህ ከተነሣህበት ቦታ ውጭ እንዳትደርስ» የሚባል ምርመራ ምርመራ አይደለም። ምርመራ ከተፈቀደ ፍጻሜውም ሳይታወቅ መፈቀድ አለበት። እኔ በበኩሌ አምናለሁ፤ የምጠይቀውም ስለማምን ነው። እውነት የእግዚአብሔር ከሆነ፥ ወደ እውነት የሚወስድ ሐቀኛ መንገድ ከእግዚአብሔር ያርቃል ብዬ ልፈራ አይገባኝም። የሚፈራ እምነት ራሱ ጥቂት የሚያምን ነው። ሆኖም ጓደኛዬ በሐቅ መርምሮ ከእኔ በተለየ ቦታ ቢደርስ፥ እርሱን መናቅም መሸሽም መብት የለኝም።

እንግዲህ ንግግሬን ከመፈጸሜ በፊት ለሦስት ወገኖች ልመና አለኝ።

ለተከበራችሁ ወላጆቻችን፦ ልጃችሁ ማታ ከራት በኋላ ስለ ሃይማኖት የሚከብድ ጥያቄ ቢጠይቃችሁ አትደንግጡ፤ «ይህን የተማርከው ትምህርት ቤት ነው ወይ?» ብላችሁ አትቆጡት። መልሱን ባታውቁት «አላውቀውም፤ አብረን እንጠይቅ» ማለት ክብራችሁን አይቀንሰውም። በአገራችን «ዝም አይነቅዝም» ይባላል። ለሌላ ነገር እውነት ሊሆን ይችላል፤ በልብ ውስጥ ዝም ያሉት ጥርጣሬ ግን እንደ ጎተራ እህል ይነቅዛል።

ለተከበራችሁ መምህሮቻችን፦ የሚያምነውን ተማሪ በክፍል ፊት አታስቁበት፤ የሚጠራጠረውንም አታሳፍሩት። ሁለቱም በእናንተ ፊት ቃላቸውን ጨርሰው መናገር ከቻሉ፥ ከዚህ ትምህርት ቤት ሲወጡ በማንም ፊት ለመናገር አያፍሩም።

ለጓደኞቼ ተማሪዎች፦ የተቀበልነው እምነት የአባቶቻችን ስጦታ ነው፤ ስጦታ ግን ተፈትቶ ካልታየ የእኛ አይሆንም። እንፍታው፥ እንየው፥ እንመርምረው። የምናምን ብንሆን የምናምነውን አውቀን እንመን፤ የምንጠራጠር ብንሆን ጥርጣሬያችንንም ደግሞ እንጠራጠረው። ነገ በየዩኒቨርሲቲውና በየመሥሪያ ቤቱ «ሁሉ ሰው እንዲህ ይላል» የሚል ድምፅ ይጠብቀናል። በዚያን ቀን አማኙም ተጠራጣሪውም የሚያስፈልገው አንድ ነገር ነው፤ «ሁሉ ቢልም፥ እውነት ነው ወይ?» ብሎ የመጠየቅ ልማድ። ይህን ልማድ ከዚህ ግቢ ይዘን ብንወጣ፥ ትምህርት ቤታችን በዓሉን ያከበረው በከንቱ አይደለም።

እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን ይባርክ።